ወንዱ ነርስ ለምን ፍርድ ቤት ሄደ?

በብዙ አገሮች ነርስ ሲባል ቶሎ ወደ ሐሳብ የምትመጣው ሴት ናት። ሙያው ግን ከጥንት ጀምሮ የሴት ብቻ አልነበረም። በመካከለኛው ዘመን አውሮፓ በሽተኛ ከሚያስታምሙት መካከል ብዙ ወንዶች መነኮሳት ነበሩ። ታዲያ ወንዶቹ የት ሄዱ?

ፍሎረንስ ናይቲንጌል በ1860 (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) ለንደን ውስጥ ያቋቋመችው የነርሶች ትምህርት ቤት የሚያሠለጥነው ሴቶችን ነበር። ሌሎች አገሮችም ይህንን ፈለግ ተከተሉ። ለሴቶች ደመወዝ ያለው የተከበረ ሥራ ስለተገኘ ትልቅ ነገር ነው። ለወንዶች ግን በሩ እየጠበበ መጣ። አሜሪካ በ1901 የጦር ሠራዊት ነርሶች ክፍል ስታቋቁም ለሴቶች ብቻ ነበር፤ ወንዶች የገቡት በ1955 ነው።

በ1970 በአሜሪካ በነርሲንግ ዲግሪ ከያዙት 98.6 በመቶ ሴቶች ነበሩ። «ወንዶች ስለማይፈልጉት ነዋ!» ልትሉ ትችላላችሁ። እስቲ ጆ ሆጋንን እንይ። ሰውየው በሚሲሲፒ ግዛት፣ ኮሎምበስ ከተማ በአንድ የሕክምና ማዕከል የነርሶች ተቆጣጣሪ ነበር። ሥራውን ያውቀዋል፤ የጎደለው ዲግሪ ነው። በ1979 እዚያው ከተማው ባለው የመንግሥት የሴቶች ዩኒቨርሲቲ አመለከተ። መልሱ ግን የሚገርም ነበር፦ ክፍል ገብቶ ማዳመጥ ይችላል፤ ውጤት ግን አይያዝለትም። ወንድ የሚቀበሉት የግዛቱ ሌሎች የነርሲንግ ትምህርት ቤቶች ደግሞ ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይርቁ ነበር።

ጉዳዩ እስከ አገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በ1982 ሆጋን 5 ለ 4 በሆነ ድምፅ አሸነፈ። ውሳኔውን የጻፉት የፍርድ ቤቱ የመጀመሪያዋ ሴት ዳኛ ሳንድራ ዴይ ኦኮነር ናቸው። ወንዶችን መከልከል ነርስነት የሴት ሥራ ነው የሚለውን የቆየ አመለካከት ያጸናል አሉ። የነርሶች ማኅበር ኃላፊዎች የወንዶች አለመኖር የነርሶችን ደመወዝ ዝቅ አድርጎታል ማለታቸውንም ጠቅሰዋል። ክልከላው ሴቶቹንም ይጎዳ ነበር ማለት ነው።

በምህንድስና ይህንን ራሱን በራሱ የሚያጠናክር ዑደት እንለዋለን። ወንድ ስለማይገባ «የሴት ሥራ» ይባላል፤ «የሴት ሥራ» ስለተባለ ወንድ አይገባም። ሆጋን ነርስ መሆን ፈልጎ፣ ሆኖም ነበር፤ ያስቸገረው ደንቡ ነው። ስለዚህ አንድ ሙያ ውስጥ ወንድ ወይም ሴት ሲያንስ ስታዩ፣ ስለ ፍላጎት ከመፍረዳችሁ በፊት የመግቢያውን ደንብ ጠይቁ።