ልጓምና ሊብሬ

ወዳጆች፣ ዛሬ ስለ ዓድዋ አይደለም የምጽፈው፤ ስለ ሊብሬ ነው። የታሪክ አስተማሪ ሊብሬ ውስጥ ምን ዶለው እንዳትሉኝ፣ ምክንያት አለኝ።

አያቶቻችን በቅሎ ሲሸጡ ነገሩ አጭር ነበር። ብሩ ይቆጠራል፣ ምስክር ይቆማል፣ ሻጭ ልጓሙን ለገዢ ያስጨብጣል፤ አለቀ። በቅሎዋ በማን እጅ ናት? የሱ ናት። ይሄ አስተሳሰብ በ1952 ዓ.ም. በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ውስጥም አለ፦ አንቀጽ 1193 ተንቀሳቃሽ ዕቃ በእጁ ያለ ሰው ባለቤት እንደሆነ ይገመታል ይላል።

መኪና ግን ነገሩን አወሳሰበው። በ1900 ዓ.ም. ቤንትሌይ የሚባል እንግሊዛዊ ከጅቡቲ ተነስቶ አዲስ አበባ መኪና ሲያስገባ፣ ይቺ የማን ናት ብሎ መጠየቅ አያስፈልግም ነበር። የምኒልክን መኪና የማያውቅ ማን አለ! ሲበዙ ግን አንዱ ካንዱ አይለይም፤ መኪና እንደ በቅሎ መልክ የላትም። ቁጥርና ደብተር አስፈለገ። ቃላቶቹን ልብ በሉ፦ ታርጋ ጣሊያንኛ ነው፣ ቦሎ ጣሊያንኛ ነው፣ ሊብሬም "ሊብሬቶ" ማለትም ትንሽ መጽሐፍ ከሚለው የመጣ ይመስለኛል። (ጋራዥ ገብታችሁ ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ጎማ ሲባል ስሙ፤ ያው ነው።)

አሁን ወደ አጎቴ። ከሦስት ዓመት በፊት አሮጌ ኮሮላውን ሸጠ። ስም ማዛወር ምርመራ አለው፣ ክሊራንስ አለው፣ ክፍያ አለው፣ ሰልፍ አለው። ገዢው "ጋሼ፣ ለምን እንደክማለን? ውክልና ይስጡኝ፣ በኋላ አዞረዋለሁ" አለው። በመንደር ውል ተፈራረሙ፣ ውክልናውን ሰጠ፣ ቁልፉን አስጨበጠ፤ ልክ እንደ ልጓም። ሰውዬው ለሌላ ሸጠ፣ ያም ለሌላ።

ባለፈው ወር መጥሪያ መጣ። መኪናዋ ሰው ገጭታለች። አንቀጽ 2081 ደግሞ ተሽከርካሪ ላደረሰው ጉዳት ባለቤቱ ኃላፊ ነው ይላል፣ የነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም እንኳ። ሊብሬው ላይ ያለው ስም የአጎቴ ነው።

ገዢ የሆናችሁም አትሳቁ። ሌላ ስምምነት ከሌለ ውክልና ወካዩ ሲሞት ይቀራል (አንቀጽ 2232)። ያን ጊዜ ጣጣችሁ ከወራሾች ጋር ነው።

አጎቴ ውሉን ፍለጋ ቤቱን ሙሉ ገለበጠው። ያገኘው የውክልናውን ፎቶ ኮፒ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ገዢ ስልክ አይሠራም። ማክሰኞ ቀጠሮ አለው፣ እኔም አብሬው እሄዳለሁ።