የአባቶች ክለብ፦ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን የሚደግፉ አባቶች ታሪክ

ባለፈው ተርም መጨረሻ ላይ አንድ አባት ልጃቸው ተደባድቦ ተጠርተው መጡ። ቁጭ ካሉ በኋላ «ቲቸር፣ ይሄ ትምህርት ቤት እኔን የሚፈልገኝ ልጄ ሲያጠፋ ብቻ ነው እንዴ?» ብለው ጠየቁኝ። አፍሬ ዝም አልኩ። እውነታቸውን ነው። እናቶች ለምገባውም ለስብሰባውም ይጠራሉ፣ አባቶች ግን ለክስ ካልሆነ በሩን አያውቁትም። ከዚያ ቀን ወዲህ አባቶች በማኅበር ሆነው ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤትን ስለደገፉበት ታሪክ ሳነብ ሰነበትኩ። ወደ አሜሪካ የሄዱ ወገኖቻችንም ልጅ ሲያስመዘግቡ «ቡስተር ክለብ ግቡ» ሲባሉ ግራ ይገባቸዋልና ለእነሱም ይጠቅም ይሆናል። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ቡስተር ክለብ ምንድነው? «ቡስት» ማለት ከሥር ሆኖ ወደ ላይ መግፋት ነው፤ አጥር ላይ የሚወጣን ልጅ ከታች እንደምንደግፈው ማለት ነው። በቃሉ ቀድመው የታወቁት ከተማቸውን እያሞገሱ ገበያ የሚስቡ ነጋዴዎች ናቸው። ደራሲው ሲንክሌር ሉዊስ በ1922 ባሳተመው «ባቢት» በተባለው ልብወለዱ ውስጥ እንዲህ ያለ የነጋዴዎች ክለብ አስገብቶ ቀልዶባቸዋል። በትምህርት ቤት ሲሆን ግን ቡስተር ክለብ የወላጆችና የአካባቢው ሰዎች ማኅበር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ ለስፖርት ቡድን ወይም ለሙዚቃ ባንድ ገንዘብ ያሰባስባል። ጨዋታ ባለበት ማታ ለስላሳና ሳንድዊች ይሸጣሉ፣ መኪና ያጥባሉ፣ ሎተሪ ያዞራሉ። ማሊያው፣ የአውቶቡስ ኪራዩ፣ አንዳንድ ቦታም የሜዳው መብራት ከዚያ ይወጣል። ብዙውን ጊዜ ክለቡ የትምህርት ቤቱ ክፍል አይደለም፤ የራሱ ሊቀመንበር፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። እድር የሚያውቅ ሰው አይቸገርም።

የሚገርመው፣ በአገር ደረጃ ቀድመው የተደራጁት አባቶች አልነበሩም። አሊስ ማክሌላን በርኒ እና ፊቢ ሄርስት የተባሉ ሁለት ሴቶች በ1897 ዋሽንግተን ውስጥ የእናቶችን ብሔራዊ ጉባኤ መሠረቱ። ዛሬ በመላው አሜሪካ የሚታወቀው የወላጅና መምህር ማኅበር የበቀለው ከዚያ ነው። በስሙ ላይ «እናቶች» የሚለው ቀርቶ «ወላጆች» የሆነው በ1924 ነው። በደቡቡ ክፍል የጥቁር ልጆች በሕግ ተለይተው በሚማሩበት ዘመን ደግሞ ሴሊና ስሎን በትለር በ1926 የጥቁር ወላጆችንና መምህራንን ብሔራዊ ጉባኤ አቋቋሙ፤ ሁለቱ የተዋሐዱት በ1970 ነው። አባቶች «ዳድስ ክለብ» እያሉ ለብቻቸው ሲሰባሰቡ ደግሞ ብዙዎቹ ያመሩት ወደ ስፖርት ሜዳው ነው። እዚያ ሥራው በዓይን ይታያል፦ መዶሻ፣ ቀለም፣ አጥር፣ ወንበር።

ችግሩም እዚያው ሜዳ ላይ መጣ። የሚሰበሰበው ገንዘብ በብዛት ለወንዶቹ ቡድን ነበርና ወንዶቹ አዲስ ማሊያ ሲለብሱ ሴቶቹ በአሮጌው ይቀራሉ። በ1972 ታይትል ናይን የሚባለው ሕግ ወጣ። ከፌዴራል መንግሥት ገንዘብ በሚያገኝ ትምህርት ቤት ውስጥ በጾታ ማዳላትን የሚከለክል ሕግ ነው። «ገንዘቡ የእኛ አይደለም፣ ወላጆች ናቸው የሰጡን» የሚለው ምክንያት በዚህ ሕግ አያስኬድም። ስጦታው ከየትም ይምጣ፣ ወንዶቹ ያገኙትን የሚመጣጠን ነገር ሴቶቹም እንዲያገኙ ማድረግ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ይሄን ሳነብ የእኛን ሜዳ አሰብኩ። ኳስ ሲመጣ ማን እጅ እንደሚገባ ሁላችሁም ታውቃላችሁ።

ገንዘብ ሳያዋጡ የገቡ አባቶችም አሉ። በሴፕቴምበር 2021 ሉዊዚያና ውስጥ፣ ሽሪቭፖርት በምትባል ከተማ፣ በሳውዝዉድ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት በሦስት ቀን ውስጥ 23 ተማሪዎች በድብድብ ታሰሩ። ወደ 40 የሚሆኑ አባቶች ተሰብስበው «ዳድስ ኦን ዱቲ» የሚል ቡድን አቋቋሙ፤ ተረኛ አባቶች እንደ ማለት ነው። ዱላ አልያዙም። የፖሊስነት ሥልጠናም ሆነ የምክር ሙያ ኖሯቸው አይደለም የገቡት። የቡድኑን ቲሸርት ለብሰው በፈረቃ ይመጣሉ፣ ጠዋት ተማሪውን በሰላምታ ይቀበላሉ፣ በኮሪደሩ ይመላለሳሉ፣ የማያስቅ የአባት ቀልድ ይቀልዳሉ። ልጅ ሲያጠፋ አባት የሚያየውን አስተያየት ያዩታል፣ በቃ። ተማሪዎቹ ራሳቸው ያቺ አስተያየት እንደምትሠራ ለጋዜጠኛ ተናግረዋል። በኦክቶበር ሲቢኤስ ቴሌቪዥን ሲዘግበው ድብድቡ ቆሞ ነበር። እነዚያ አባቶች ሥራቸውን አመቻችተው ነው ለዚህ ጊዜ ያገኙት። ጊዜ ከሆነ እኛ ጋ ሞልቷል፤ የጠፋው ሥራው ነው።

እዚሁ ያለንባት ኬንያ ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። በ1963 ነፃ ስትወጣ ጆሞ ኬንያታ «ሐራምቤ» የሚለውን ቃል የአገሪቱ መፈክር አደረጉት፤ አብረን እንሳብ እንደ ማለት ነው። የመንግሥት ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ለልጁ ሁሉ አልበቃ ሲሉ የየአካባቢው ሰው ገንዘቡንና ጉልበቱን አዋጥቶ የራሱን ሠራ። በ1970ዎቹ የሐራምቤ ትምህርት ቤቶች ብዛት ከመንግሥቶቹ እስከ መብለጥ ደረሰ። ነገር ግን ግድግዳ አንዴ ይቆማል፣ የሠለጠነ መምህርና ላቦራቶሪ ግን በየወሩ ብር ይበላል። ብዙዎቹ በፈተና ውጤት ወደ ኋላ ቀሩ፣ መንግሥት መምህር እንዲልክላቸውም ለመኑ። እኔ እንደሚመስለኝ መሥራት ሳይሆን ማቆየት ነው የከበዳቸው።

የእኛም ሙከራ የወደቀው እዚያው ላይ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት ለዴስክ ከየቤቱ ትንሽ ትንሽ ተዋጣ። ገንዘብ ያዡ ፕሮሰሳቸው አለቀና በድንገት በረሩ። ገንዘቡን ለጎረቤት አስረክበዋል፣ ደብተሩ ግን ከሻንጣቸው ጋር አብሮ ሄደ። ማን ስንት እንደሰጠ የሚያውቅ ጠፋ። ዴስኩ ተሠርቶ ሐሜቱ ከዴስኩ በላይ ቆየ።

ዘንድሮ ሰባት ሰዎች እንደገና ተሰባስበዋል። ያ አባት አንዱ ናቸው። መጀመሪያ የተከራከርነው በስሙ ነው። ክፍሌ ውስጥ አባቱ የሞተበት አለ፣ አባቱ አገር ቤት የቀረ አለ፣ ከታላቅ ወንድሙ ጋር ብቻውን የሚኖር አለ። «የአባቶች ክለብ» ብንል እነዚህ ልጆች የማን ናቸው? ስለዚህ «የአባቶችና የአሳዳጊዎች» ተባለ፤ የ22 ዓመት ወንድምም ገባበት። ለጊዜው መዋጮ የለም። ሁለት ሁለት ሆነው ጠዋትና በመውጫ ሰዓት በሩ ላይና የውኃ ቧንቧው ጋ ይቆማሉ። አንድ ነጋዴ የሰጡን ስጦታ ብቻ አለ። ደብተሩን ሁለት አድርገነዋል፤ አንዱ ገንዘብ ያዡ ጋ፣ አንዱ እኔ ክፍል ቁም ሣጥን ውስጥ ነው። እስካሁን ሁለቱም ላይ የተጻፈው አንድ መስመር ነው፦ መረብ ኳስ፣ ለሴቶች፣ አንድ።