ስለ አእምሮ ሕመምና ስለ ቅጣት ፍርድ

ሰው በሥራው የሚጠየቀው ክፉውንና ደጉን ለይቶ፥ በፈቃዱ አንዱን ስለ መረጠ ነው። ሕመም ይህን ማስተዋል ከወሰደበት ግን፥ እጁ የሠራውን ልቡ አላወቀውምና ቅጣት በምን ይጸናበታል?

ይህ ጥያቄ ለኢትዮጵያ ዳኞች አዲስ አይደለም። የግብጹ ሊቅ ኢብን አል-ዓሳል በ13ኛው መቶ ዓመት በዐረብኛ ያዘጋጀው፥ ኋላም ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፥ ነፍስ ያጠፋ ሕፃንና ዕብድ እንደ ሙሉ ሰው እንዳይቀጡ ለይቷቸዋል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው፥ ስዊሳዊው የሕግ ሊቅ ዣን ግራቨን ያረቀቀው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ ነገሩን በዝርዝር ደነገገ። ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግም ያንኑ መንገድ ተከተለ።

በሐዋሳ የሚያስችል ዳኛም የሚፈርደው በዚሁ ሕግ ነው። በ48ኛው አንቀጽ፥ ወንጀሉን ባደረገበት ሰዓት በሕመም ምክንያት ሥራውን ሊያውቅ ወይም ራሱን ሊገታ ያልቻለ ሰው አይቀጣም፤ በ49ኛው፥ ማስተዋሉ የጎደለ እንጂ ጨርሶ ያልጠፋ ሰው ቅጣቱ ይቀልለታል። ሞት የተፈረደበት እንኳ አእምሮው ታሞ ሳለ ፍርዱ አይፈጸምበትም።

ጭንቁ ያለው በማስረጃው ላይ ነው። ዳኛው የሚያየው ዛሬ በፊቱ የቆመውን ሰው ነው፤ ሕጉ የሚጠይቀው ግን ያን ጊዜ የነበረውን ሰው ነው። ስለዚህ 51ኛው አንቀጽ የተጠራጠረ ዳኛ ባለሙያ እንዲጠይቅ ያዝዛል። ሐኪሙ ስለ ሕመሙ ይናገራል፤ ስለ ጥፋተኝነቱ የሚወስነው ዳኛው ብቻ ነው። ዳኛው የተከሳሹን ያለፈ ኑሮም ማስመርመር ይችላልና፥ ሕመሙ መቼ እንደ ጀመረው የሚያውቅ ዘመድ፥ ጎረቤት ወይም በጠበል ሥፍራ የተቀበለው ካህን፥ ቃሉ ከፍርድ ሊያድን ይችላል።

ከቅጣት መዳን ግን እንዲሁ መለቀቅ አይደለም። ፍርድ ቤቱ በሽተኛውን በተገቢ ሥፍራ ሊያስጠብቀው ወይም ሊያሳክመው ያዝዛል፤ ትእዛዙንም በየ2 ዓመቱ ይመረምራል። ነገር ግን ለብዙ ዘመን የአገሩ ብቸኛ የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል የነበረው አማኑኤል የሚገኘው ከሐዋሳ 275 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በአዲስ አበባ ነው። ሕግ «ይታከም» ሲል የሚያክም ሰውና የሚተኛበት አልጋ ካልተገኘ፥ በሽተኛው ወይ በወኅኒ ወይ በጎዳና ይቀራል፤ የተበደለውም ወገን ያለ ዕረፍት ይኖራል። ስለዚህ ፍርዱ የሚፈጸመው በችሎት ብቻ ሳይሆን በሕክምናው ቤትም ነው።