ከደረቀው ቅጠል እስከ ዐሥሩ መጻሕፍት፤ የአራት ኪሎ የዕፅዋት ተማሪዎች ታሪክ

የአንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍለ ትምህርት ዓመታዊ ዜና ሲዘጋጅ በቅድሚያ የሚጠቀሰው የተመራቂዎች ቁጥር፣ የተገኘው ሽልማትና የተሰጠው የውጭ ሀገር የትምህርት ዕድል ነው። ልማዱ ተገቢ ነው፤ የተማሪ ድካም በሰው ፊት ሊመሰገን ይገባዋል። ይሁን እንጂ የዕፅዋት ጥናት ከብዙዎቹ ሙያዎች የሚለይበት አንድ ጠባይ አለው። ተማሪው የሠራው ሥራ ዋጋው የሚታወቀው በምረቃው ዕለት ሳይሆን ከዐሥርና ከሃያ ዓመት በኋላ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የዕፅዋት ጥናት ያለፈበት መንገድ ይህን በግልጽ ያሳያል። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል። በሳይንስ መዝገብ ውስጥ ግን የዕፅዋትን ስም የሚያወጣው ናሙናው በእጁ የገባ ሊቅ ነው። የኢትዮጵያ ዕፅዋትም ወደዚህ መዝገብ አስቀድመው የገቡት በባዕዳን እጅ ነበር። የኡፕሳላው ሊቅ ካርል ሊኔየስ የዘመናዊውን የዕፅዋት አሰያየም መሠረት የጣለበትን መጽሐፍ በ1753 ሲያሳትም ለቡና የሰጠው ስም ኮፊያ አራቢካ፣ ማለትም የዐረብ ቡና የሚል ነበር። ቡና በዱር የሚበቅለው በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ ደኖች ውስጥ ነው፤ አውሮፓውያን ያወቁት ግን በየመን ወደቦች በኩል ስለ ነበር ስሙ የነጋዴውን መንገድ እንጂ የተክሉን ሀገር አልተከተለም። በአሰያየም ሕግ ቀድሞ የወጣው ስም ስለሚጸና ይኸው ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል።

ከዚያ ወዲህ የመጡት ሰብሳቢዎች የደከሙት ድካም የሚናቅ አይደለም። በ19ኛው ምዕት ዓመት ዲሎንና ፔቲ የተባሉ ሁለት ፈረንሳውያን ሐኪሞች ዕፅዋት ለመሰብሰብ ወደ ኢትዮጵያ ገብተው ሁለቱም ወደ ሀገራቸው ሳይመለሱ ሞቱ። ስብስባቸው ግን ፓሪስ ደረሰ፤ አሺል ሪሻር የተባለውም ሊቅ በዚሁ ላይ ተመሥርቶ የሐበሻን ዕፅዋት የሚገልጽ መጽሐፍ ከ1847 እስከ 1851 አሳተመ። ጀርመናዊው ቪልሄልም ሺምፐር ከ1837 ጀምሮ በ1878 ዓድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ በትግራይና በሰሜን ተራሮች እየተዘዋወረ የሰበሰባቸው ናሙናዎች በአውሮፓ ትላልቅ ከተሞች ተከፋፈሉ። በመጨረሻም ኦስትሪያዊው ጊዮርግ ኩፎዶንቲስ እስከ ዘመኑ ድረስ የተመዘገቡትን ስሞች አሰባስቦ ከ1953 እስከ 1972 በተከታታይ አወጣ። የእርሱ ሥራ ታላቅ ቢሆንም የስም ዝርዝር ነበር፤ አንድን ተክል ከሌላው ለመለየት የሚያስችል መግለጫ አልነበረውም።

ከዚህም የተነሣ አንድ ኢትዮጵያዊ ተማሪ በደጁ የበቀለውን ቁጥቋጦ በእርግጠኝነት ለማወቅ ቢሻ ማስረጃው የሚገኘው በፓሪስ፣ በለንደን፣ በፍሎረንስ ወይም በበርሊን ነበር። ማስረጃውም ቢሆን ዋስትና አልነበረውም። በመጋቢት 1943 የበርሊን የዕፅዋት ቤተ መዘክር በአውሮፕላን ድብደባ ሲቃጠል ከኢትዮጵያ የሄዱ ናሙናዎችም አብረው ጠፉ። ከሺምፐር ስብስብ ብዙው ሊተርፍ የቻለው ከአንድ ተክል የተወሰዱ ተመሳሳይ ናሙናዎች አስቀድመው ወደ ልዩ ልዩ ከተሞች ተልከው ስለ ነበር ነው።

የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ በ1950 ሲከፈት የሀገሪቱ ዕፅዋት ታሪክ የነበረበት ሁኔታ ይህ ነበር። በ1959 በአራት ኪሎው የሳይንስ ግቢ ውስጥ አንድ ሄርባሪየም፣ ማለትም የደረቁ ዕፅዋት ናሙና የሚጠበቅበት ማኅደር ተቋቋመ። ይኸው ነው በኋላ ብሔራዊ ሄርባሪየም ለመባል የበቃው። አጀማመሩ ትሑት ነበር፤ ዛሬ ግን ከ80,000 በላይ ናሙናዎች የሚገኙበት የሀገር ሀብት ሆኗል።

ናሙና የማዘጋጀት ሥራ ለተመልካች ቀላል ይመስላል። ተማሪው አበባና ፍሬ ያለውን ቅርንጫፍ ቆርጦ በጋዜጣ መካከል ያስተኛዋል፤ በሳንቃ ጭኖ ያጠብቀዋል፤ እርጥበቱ እስኪለቀው ድረስም ወረቀቱን ደጋግሞ ይለውጣል። የደረቀው ቅርንጫፍ በወፍራም ወረቀት ላይ ተለጥፎ ከግርጌው አንድ ጽሑፍ ይደረግበታል፤ ይኸውም የሰብሳቢው ስምና ቁጥር፣ የተገኘበት ቦታ፣ ከፍታው፣ ቀኑ፣ የአበባው ቀለምና የአካባቢው ሰው የሚጠራበት ስም ነው። አበባው ሲደርቅ ቀለሙን ያጣል፤ ዛፍ ከሆነም ቁመቱ በወረቀት ላይ አይታይም። ተማሪው በሜዳ ላይ ሳለ ያልጻፈውን ማንም ከዚያ በኋላ ሊጽፈው አይችልም። ስለዚህ ያ ትንሽ ጽሑፍ የናሙናው እኩሌታ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

የመጀመሪያዎቹ ተማሪዎች በዚህ ሥራ ተቀርጸው የወጡ ናቸው። ከእነርሱ አንዱ ተወልደ ብርሃን ገብረ እግዚአብሔር በ1963 የመጀመሪያ ዲግሪያቸውን ተቀብለው በ1969 በዌልስ ዩኒቨርሲቲ የዶክትሬት ትምህርታቸውን ፈጸሙ፤ ተመልሰውም መምህር፣ ከ1974 ጀምሮ ደግሞ የሳይንስ ፋኩልቲ ዲን ሆኑ። ዘመኑ ለትምህርት የተመቸ አልነበረም። በ1974 መጨረሻ ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር በመሰማራታቸው የዩኒቨርሲቲው መደበኛ ትምህርት ተቋረጠ። ትምህርቱ ዳግመኛ ከተጀመረ በኋላ በ1978 የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት ሲቋቋም በሀገር ውስጥ ከፍ ያለ ጥናት ለማካሄድ በር ተከፈተ። በዚያው ዓመት የሄርባሪየሙን ኀላፊነት የተረከቡት ተወልደ ብርሃን የሀገሪቱን ዕፅዋት በሙሉ የሚገልጽ መጽሐፍ እንዲዘጋጅ ካሳሰቡትና ከመሩት ሰዎች ግንባር ቀደሙ ነበሩ።

የኢትዮጵያ የዕፅዋት መጽሐፍ ፕሮጀክት በ1980 ሥራውን ጀመረ። የገንዘቡ ድጋፍ የመጣው ሳሬክ ከተባለው የስዊድን የምርምር ትብብር ድርጅት ሲሆን፣ የሙያው አጋር የኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በዚያም በኩል የአፍሪካን የከፍተኛ ተራሮች ዕፅዋት በማጥናት የታወቁት ኦሎቭ ሄድበርግና ባለቤታቸው ኢንጋ ሄድበርግ ተሰለፉ። ቡናን የዐረብ ብሎ የሰየመው ሊኔየስ ያስተማረበት ዩኒቨርሲቲ ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ቆይቶ የቡናን ሀገር ልጆች ተቀበለ። የስምምነቱ ዋና ነጥብ መጽሐፉን አሳትሞ መለያየት አልነበረም፤ መጽሐፉ እየተጻፈ ሳለ የሚጽፉት ኢትዮጵያውያን አብረው እንዲሠለጥኑ ማድረግ ነበር።

የሠልጣኞቹ የጥናት ርእሶች ሲታዩ የዕቅዱ ጥበብ ይገለጣል። መስፍን ታደሰ በ1984 የዶክትሬት ጽሑፋቸውን ያቀረቡት በሰሜን ምሥራቅ አፍሪካ በሚገኘው የባይደንስ ወገን ላይ ነበር። ይህም በዘመን መለወጫ ሜዳውን ቢጫ የሚያለብሰው አደይ አበባ የሚገኝበት ወገን ነው። ሰብስቤ ደምሰው በ1985 አጣጥ የሚመደብበትን የሜይቴነስ ወገን አጠኑ። እንሰርሙ ቀልቤሳ በ1990 ገበሬው ለአጥር የሚተክለው ስሚዛ ከሚገኝበት ከጀስቲሺያ ወገን አንዱን ክፍል መረመሩ። በእነዚሁ ዓመታት ዘሪሁን ወልዱ በ1985 የሸዋን አምባ የሣር ምድር፣ ዘመደ አስፋው በ1989 የኢትዮጵያን ገብስ፣ ታምራት በቀለ በ1993 በሸዋ የቀሩትን የደጋ ደኖች አጥንተው በዚያው በኡፕሳላ ለዶክትሬት በቅተዋል። እያንዳንዱ ርእስ ኢትዮጵያዊ በየቀኑ ከሚያየው፣ ከሚረግጠው ወይም ከሚበላው ነገር የተነሣ ነበር።

ይሁን እንጂ የተማሪዎቹ ሥራ እውነተኛ ፍሬ የታየው ጽሑፉ ለፈተና በቀረበበት ቀን አይደለም። ሰብስቤ በ1985 ያጠኑት ወገን የሚገኝበት ቤተሰብ በእርሳቸው ብዕር ተጽፎ በመጽሐፉ የወጣው በ1989 ነው። እንሰርሙ በ1990 በአንድ ወገን ከፊል ላይ የጀመሩት ጥናት ሰፍቶ መላው ቤተሰብ በ2006 ለኅትመት ሲበቃ 16 ዓመት አልፏል። መስፍንም በ1984 ከአደይ አበባ ወገን ተነሥተው የአደይን፣ የኑግንና የሱፍን ሰፊ ቤተሰብ የያዘውን አንድ ሙሉ መጽሐፍ ለአንባቢ ያቀረቡት ከ20 ዓመት በኋላ በ2004 ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል የሕዝብና የመንግሥት ለውጥ፣ ጦርነትና ችግር አልፏል፤ ሥራው ግን ከጀማሪዎቹ እጅ አልወጣም።

የመጻሕፍቱን ሽፋን በየተራው ለሚመለከትም ታሪኩ በዚያ ተጽፏል። በ1989 መጀመሪያ በታተመው በሦስተኛው ቅጽ ላይ በአዘጋጅነት የሰፈሩት ኢንጋ ሄድበርግና ከ1960ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ኑሯቸውን በኢትዮጵያ ያደረጉት ሱ ኤድዋርድስ ናቸው። በ1995 በወጣው በሁለተኛው ቅጽ ክፍል ሁለት የመስፍን ታደሰ ስም ተጨመረ። በ1997 በስድስተኛው ቅጽ ላይ ሰብስቤ ደምሰው፣ በ2006 በአምስተኛው ቅጽ ላይ ደግሞ እንሰርሙ ቀልቤሳም ተሰለፉ። በተማሪነት የሄዱት በአዘጋጅነት ተመለሱ ማለት ነው። ሥራው በ2009 ሲፈጸም ስምንት ቅጾች በዐሥር መጻሕፍት ተጠናቀው፣ ኤርትራም ነጻ መንግሥት በመሆኗ የሁለቱ ሀገሮች የዕፅዋት መጽሐፍ የሚለውን ስም ይዘው ቀረቡ።

በእነዚህ መጻሕፍት ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎች ከነመለያቸው፣ ከነመግለጫቸውና ከሚገኙበት አካባቢ ጋር ተመዝግበዋል፤ ከእነዚህም ከመቶ 10 ያህሉ ከሁለቱ ሀገሮች በቀር በሌላ የዓለም ክፍል የማይገኙ ናቸው። የሚገኙበት አካባቢ የተጠቆመው በቀድሞዎቹ ክፍላተ ሀገር ስም ነው። በአንድ ክፍለ ሀገር ተክሉ መኖሩ የሚታመነው ከዚያ የመጣ ናሙና ሲኖር ስለሆነ፣ ሰብሳቢ ተማሪ ያልደረሰበት ቆላና ገደል በመጽሐፉም ውስጥ ባዶ ሆኖ ይታያል።

የስሙም ጉዳይ መልክ ለወጠ። ሰብስቤ ደምሰውና የሥራ ባልደረቦቻቸው ለሳይንስ አዲስ ሆነው የተገኙ የእሬት ዝርያዎችን ሲሰይሙ አንዱን በከፋ፣ ሌላውን በጊቤ ስም ጠሩ፤ አንዱንም ለመምህሩ ለተወልደ ብርሃን መታሰቢያ አደረጉት። ቡና ያላገኘውን የከፋ ስም እሬት አገኘው። ሰብስቤ በ2016 የኪው ዓለም አቀፍ ሜዳይ ሲሸለሙ ለዚሁ የረዥም ዘመን ድካም የተሰጠ ዕውቅና ነበር።

ይህ ሁሉ ስም ማውጣት ለኑሮ ምን ይጠቅማል ብሎ ለሚጠይቅ የእንዶድ ታሪክ መልስ ይሰጣል። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 ዓድዋ ላይ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት በታች ባለው ወንዝ የቢልሃርዚያን በሽታ የሚያስተላልፉት ቀንድ አውጣዎች ሞተው ተመለከቱ። ነገሩ በዚያ ቢቀር አንድ አስደናቂ ምልከታ ብቻ ይሆን ነበር። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ከየቦታው የተሰበሰቡትን የእንዶድ ዐይነቶች ለይተው ሲያነጻጽሩ ኀይላቸው እኩል አለመሆኑ ታወቀ፤ 44 ቁጥር የተሰጠውም ዐይነት ብልጫ አሳየ። ሁለቱ ሊቃውንት በ1989 ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት በአንድነት ተቀበሉ። ተክልን ከተክል፣ ዐይነትን ከዐይነት የሚለይ ሰው ከሌለ መድኀኒቱም፣ ዘሩም፣ ደኑም በጅምላ ስም ይጠፋል።

ዐሥሩ መጻሕፍት ተፈጽመዋል ማለት ሥራው አለቀ ማለት አይደለም። በየዝርያው ሥር የአማርኛ፣ የኦሮምኛ፣ የትግርኛና የሌሎች ቋንቋዎች ስሞች ቢጠቀሱም መጽሐፉ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው፤ ስሙን ለሰብሳቢው የነገረው ገበሬ ሊያነበው አይችልም። ከ2009 በኋላም አዳዲስ ዝርያዎች መገኘታቸው አልተቋረጠም። በሌላ በኩል ደን ሲመነጠር ናሙናው ያልተወሰደለት ተክል ምስክር ሳይኖረው ያልፋል። ማኅደሩም ቢሆን ነፍሳትና እርጥበት እንዳይደርሱበት ዘወትር ጠባቂ ይሻል፤ የበርሊን እሳት እንዳስተማረውም ተመሳሳይ ናሙናዎች ከአንድ ቦታ በላይ ሊቀመጡ ይገባል።

ስለዚህ የሙያው ባልደረቦች በየዓመቱ የተማሪዎችን ውጤት ሲያስቡ ከዲግሪውና ከሽልማቱ ጋር ሌላ አንድ ቁጥር ቢጠይቁ መልካም ነው፤ ይኸውም በዓመቱ ውስጥ ስንት ናሙና፣ ከየትኞቹ ወረዳዎች፣ ከነሙሉ ጽሑፉ ወደ ማኅደሩ ገባ የሚል ነው። በ1989 የታተመው መጽሐፍ በየገጹ የሚጠቅሳቸው ቦታዎች የታወቁት ከዚያ በፊት ስሙ የማይነሣ አንድ ተማሪ ጋዜጣና ሳንቃ ተሸክሞ እዚያ ስለ ደረሰ ነው። ዛሬ ባዶ የሚታዩት ቦታዎችም የሚሞሉት በዚሁ መንገድ ብቻ ነው።