የጥጃ እግርና የድኾች መረቅ፦ ስለ «ቦፍ አ ላ ሞድ» የምግብነት ዋጋ



ላ ቫሬን እ.ኤ.አ. በ1651 ባሳተመው የምግብ አሠራር መጽሐፍ «ቦፍ አ ላ ሞድ» የሚባል የበሬ ሥጋ ወጥ ይገኛል። ወፍራም ሙዳ በጮማ ይሰካካና በመረቅና በቅመማ ቅመም በቀስታ ይበስላል። ወይን ጠጅ፣ ካሮትና የጥጃ እግር የወጡ መለያ የሆኑት በኋላ ነው። ስሙ «እንደ ዘመኑ ፋሽን» ማለት ነው፤ በ1792 በፓሪስ የተከፈተ በዚሁ ስም የሚጠራ ምግብ ቤትም ሻልና ባርኔጣ ያደረገ በሬ በምልክቱ ላይ አሥሎ ነበር።

እኔ ግን ላቆያችሁ የምሻው በጥጃው እግር ላይ ነው። በጅማትና በቆዳ ውስጥ ያለው ኮላጅን በእርጥብ ሙቀት ለሰዓታት ሲቆይ ጄላቲን ይሆናል፤ ወጡ ሲቀዘቅዝም መረቁ ይረጋል። የረጋ መረቅ ላየው ሰው የሥጋው ኃይል ሁሉ የተጠራቀመበት ይመስላል። በአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ የፓሪሱ ኬሚስት ዳርሴ ከአጥንት በእንፋሎት ጄላቲን እያወጣ ለሆስፒታል ሕሙማንና ለድኾች ሾርባ እንዲሆን አደረገ። ሰውየው ተንኮለኛ አልነበረም፤ ለድኻ አሳቢ ነበር ብዬ አምናለሁ። ነገር ግን በሥጋ ፈንታ አጥንት መስጠት ለበጀት አዛዦች እጅግ የሚጥም ሐሳብ ነበር፤ ስለዚህም ጥያቄው ከኬሚስትሪ አልፎ በሽተኛው ምን ይገባዋል ወደሚለው ዘለቀ።

የሳይንስ አካዳሚው ጉዳዩን እንዲመረምር ጉባኤ ሰየመ። በማዣንዲ የቀረበው የ1841 ዘገባ ጄላቲን ብቻውን የተመገቡ ውሾች በሕይወት መቆየት እንዳልቻሉ ገለጠ። ምክንያቱን ለመረዳት ስድሳ ዓመት ፈጀ፤ ሆፕኪንስና ኮል በ1901 ትሪፕቶፋንን ለይተው አወጡ። ሰውነታችን ይህን አሚኖ አሲድ ራሱ ሊሠራው አይችልም፤ በጄላቲን ውስጥም የለም።

ወጡ ግን ከዚህ ክስ ነጻ ነው። በ100 ግራም የበሰለ ቀይ ሥጋ ውስጥ ከ25 እስከ 30 ግራም የተሟላ ፕሮቲን፣ በቀላሉ ወደ ደም የሚገባ ብረትና ቫይታሚን ቢ12 አለ። ከሥጋው ወደ መረቁ የሚወርዱት ቫይታሚኖችም አይደፉም፤ መረቁ አብሮ ይበላልና። በጮማው ምክንያት ስቡ እንደሚበዛ ግን አልሸሽግም።

በ1870 ፕሩሲያውያን ፓሪስን በከበቡ ጊዜ፣ ከዘገባው ሃያ ዘጠኝ ዓመት በኋላ፣ ከተማይቱን በአጥንት የመመገብ ሐሳብ እንደገና በአካዳሚው ተነሣ።