ሱሳቸውን ቬትናም ትተው የመጡት ወታደሮች

እስቲ አንድ ጥያቄ ልጠይቃችሁ። አንድ ሰው ሱስ ይዞት መላቀቅ ቢያቅተው ጥፋቱ የማን ነው? ብዙዎቻችን "ራሱን መግዛት ስላልቻለ ነዋ!" እንላለን። ይሄ መልስ ምን ያህል እንደሚያስኬድ ለማየት፣ ከ50 ዓመታት በፊት ወደነበረው የቬትናም ጦርነት እንመለስ።

እ.ኤ.አ. በ1971 ሁለት የአሜሪካ ኮንግረስ አባላት ቬትናም ያሉ ብዙ ወታደሮች ሄሮይን እንደሚወስዱ ይፋ አደረጉ። እዚያ ሄሮይን ርካሽ ነው፤ በጣም ንጹሕ ከመሆኑ የተነሳ ደግሞ መርፌ እንኳ ሳያስፈልግ እንደ ሲጋራ ይጨሳል። በዚያን ጊዜ "የሄሮይን ሱስ አንዴ ከያዘ አይለቅም" የሚል እምነት ስለነበረ መንግሥት ደነገጠ። ፕሬዚዳንት ኒክሰን ለጉዳዩ ልዩ ቢሮ አቋቋሙ። ወታደሮቹም ወደ አገራቸው ከመሳፈራቸው በፊት የሽንት ምርመራ እንዲያደርጉ ታዘዘ። ሄሮይን የተገኘበት ወታደር መጀመሪያ መታከም ነበረበት።

ታዲያ ከተመለሱ በኋላ ምን ሆኑ? ይህን ያጠኑት በሴንት ሉዊስ ከተማ የዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪ የነበሩት ወይዘሮ ሊ ሮቢንስ ናቸው። በሴፕቴምበር 1971 ከተመለሱት ወታደሮች መካከል 900 ያህሉ ተፈልገው፣ ቃለ መጠይቅ ተደረገላቸው። ቬትናም ሳሉ ከአምስቱ አንዱ ያህል ሱሰኛ ነበር። ከእነዚህ ሱሰኞች ውስጥ ግን አገራቸው በገቡ በመጀመሪያው ዓመት ሱሱ ያገረሸባቸው 5 በመቶ ያህሉ ብቻ ናቸው። በሦስት ዓመት ውስጥ እንኳ 12 በመቶ ያህል ነበሩ። ውጤቱን ብዙዎች ማመን አቃታቸው።

ምን ተለወጠ? ሰዎቹ ያው ናቸው፤ የተለወጠው ቦታው ነው። ጦርነቱ፣ አብሮ የሚያጨሰው ጓደኛ፣ በየደረሱበት የሚገኘው ርካሽ ሄሮይን ሁሉ እዚያው ቀረ። አገር ቤት ሄሮይን ውድ ነው፤ የቤተሰብ ዓይን አለ፤ ሥራና ትምህርት አለ።

"ስለዚህ የግል ጥረት ዋጋ የለውም" ማለት ነው? አይደለም። ከሱሰኞቹ ብዙዎቹ ያንን የሽንት ምርመራ ለማለፍ ሲሉ አስቀድመው አቁመዋል። ከእነሱ ግማሽ ያህሉ አሜሪካ ከገቡ በኋላም ሄሮይን ቀምሰዋል፤ አብዛኞቹ ግን ወደ ሱሱ አልተመለሱም። በሌላ በኩል፣ ውትድርና ሳይገቡ በፊት ዕፅ የጀመሩት የበለጠ ተቸግረዋል። ያለፈ ሕይወትም ይጎትታል ማለት ነው። ጥረቱ ነበረ፤ ግን የሚያግዘው ሁኔታ ሲያገኝ ጉልበቱ በረታ።

አሁን ወደ እኛ ሰፈር እንምጣ። ማስቲሽ የሚስብ የጎዳና ልጅ ስታዩ "ለምን አይተወውም?" ከማለታችሁ በፊት እነዚያን ወታደሮች አስታውሱ። እነሱን ወደ ቤት የሚወስድ አውሮፕላን ነበራቸው። ያ ልጅ ግን ዛሬ ቢያቆም፣ ነገ የሚነቃው እዚያው ብርድ፣ እዚያው ረሃብ ውስጥ ነው።

እናንተም ለፈተና ስታጠኑ እጃችሁ ስልክ ስልክ እያለ ካስቸገራችሁ፣ ራሳችሁን "ደካማ ነኝ" ብላችሁ ከመውቀሳችሁ በፊት ስልኩን ለእናታችሁ ስጡና ሌላ ክፍል ገብታችሁ ሞክሩት። ቦታውን መለወጥም እኮ ጥረት ነው።