ከመሪው ሥር ያለችው ትንሽ ዕቃ

ባለፈው ሰሞን አሮጌዋ መኪናዬ አኮረፈች። ቁልፉን ባዞረው ባዞረው ድምፅ የለም። ባትሪው ደህና ነው፣ የፊት መብራቱም ይበራል፤ ሞተሪኖው ግን አልሰማም አለ። ተጎትታ ጋራዥ ገባች።

መካኒኩ ከመሪው ሥር ያለውን ክዳን በካቻቢቴ ፈትቶ፣ ከቁልፉ ቤት ጀርባ ጥፍር የምታህል ስባሪ ብረት አወጣና መዳፌ ላይ አስቀመጠልኝ።

“ጋሼ፣ ቁልፉስ ይዞራል፤ መዞሩን ለኤሌክትሪኩ ክፍል የሚነግረው ምላስ ነው የተሰበረው” አለኝ።

ሁለት መንገድም አቀረበልኝ። አንዱ፣ የመሪውን መቆለፊያ ነቅሎ ሽቦዎቹን “ዳይሬክት” ማድረግና ከዳሽቦርዱ ሥር ተጭኖ የሚያስነሳ ቁልፍ መግጠም ነው፤ ርካሽ ነው፣ እስከ ምሳ ሰዓት ያልቃል። ሌላው የቁልፉን ቤት በሙሉ መለወጥ ነው፤ ይሄ ያደክማል። ቤቱን ከመሪው ዘንግ ጋር ያሰሩት ብሎኖች ሲጠብቁ ጭንቅላታቸው ተቆርጦ እንዲወድቅ ሆነው የተሠሩ ናቸው። በመፍቻ አይያዙም፤ በመሮ እየመቱ ወይም እየበሱ ማውጣት ግድ ነው።

እውነቱን ልናገር፣ ልቤ ወደ ርካሹ አዘነበለ። ግን ለመሆኑ ቁልፍንና መሪን ማን አዛመዳቸው?

ድሮ ቁልፍ ብሎ ነገር አልነበረም። ሞተር የሚነሳው ከፊት በሚገባ የብረት እጀታ፣ በክንድ ጉልበት ነበር፤ እጀታው ወደ ኋላ ሲመልስ ክንድ ይሰብራል። እ.ኤ.አ. በ1912 ካዲላክ የቻርልስ ኬተሪንግን የኤሌክትሪክ ማስነሻ ይዞ ሲወጣ ያ ዘመን ማብቃት ጀመረ። ቁልፉ ግን ለብዙ ዓመታት የኖረው ዳሽቦርድ ላይ ነው። ሌባ እጁን ሰድዶ ሁለት ሽቦ ካገናኘ ይበቃዋል፤ መኪናዋ የእሱ ናት። ምዕራብ ጀርመን መሪ የሚቆልፍ ቁልፍን በ1960ዎቹ መጀመሪያ በደንብ አስገደደች። ጄኔራል ሞተርስም በ1969 ሞዴሎቹ ቁልፉን ወደ መሪው ዘንግ አዛወረው። የአሜሪካ መንግሥት ደንብ የጸናው ከጃንዋሪ 1 ቀን 1970 ጀምሮ ነው፤ ቁልፉ ሲወጣ ሞተሩ ብቻ ሳይሆን መሪው ወይም የመኪናው መንቀሳቀስ ጭምር ይታገዳል።

እንግዲህ “ዳይሬክት” ማለት ሌባ በነፃ የሚሠራውን ሥራ ባለቤቱ ከፍሎ ማሠራቱ ነው!

የዚያችው ትንሽ ዕቃ ታሪክ ግን በሌባ አላበቃም። ያው ጄኔራል ሞተርስ በ2000ዎቹ የሠራቸው አንዳንድ መኪኖች ቁልፍ ልል ነበር፤ የቁልፍ መያዣ ክብደት ወይም የጉልበት ንክኪ ሊያዞረው ይችላል። መኪናው እየሄደ ሞተሩ ይጠፋል፣ መሪው ይከብዳል፣ በግጭት ጊዜ የአየር ከረጢቱ አይከፈትም። የድርጅቱ መሐንዲሶች ችግሩን አይተውታል። በ2006 ዕቃው ተሻሻለ፤ የመለያ ቁጥሩ ግን አልተለወጠም። አሮጌውና አዲሱ በአንድ ስም ስለሚጠሩ ጉድለቱን ለሚመረምር ሰው ዱካው ጠፋ። መኪኖቹ መጠራት የጀመሩት በ2014 ነው፤ 2.6 ሚሊዮን ገደማ ነበሩ። ለተጎጂዎች የተቋቋመው የካሳ ፈንድ 124 ሞት መዝግቧል። መፍትሔው ደግሞ ዋጋው እዚህ ግባ የማይባል ዕቃ ነበር።

እኔን ያስደነገጠኝ የዕቃው መበላሸት አይደለም። ብረት ነው፤ ይሰበራል። ያስደነገጠኝ ዝም ብሎ መለወጡ ነው። ስህተትን ማረም ደግ ነው፤ “ተሳስተን ነበር” ሳይሉ ማረም ግን የትናንቱን ጉድጓድ ሳይደፍኑ ዛሬ አዲስ መንገድ መቀየስ ነው። ትናንት የተሸጠው መኪና እኮ አሁንም መንገድ ላይ ነው፤ ውስጡ ሰው አለ። እኛስ በየመሥሪያ ቤቱ፣ በየቤታችን፣ ቁጥሩን ሳንለውጥ የለወጥነው ስንት ነገር ይኖር ይሆን?

ጋራዡ ውስጥ ስባሪዋን በእጄ እያገላበጥኩ ቆየሁ።

“እህ ጋሼ፣ ዳይሬክት ላድርገው?” አለኝ መካኒኩ።

“የለም፣ ሙሉውን ቀይርልኝ። ይህችን አሮጌዋን ግን አትጣላት፤ ለሚቀጥለው ደንበኛህ አሳየው” አልኩት።